ሃርፕ ሲቀልድ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ባለጋሪው (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡10)

ሰላም ለዚህ ቤት። ብዙ ጊዜ ዝም ብዬ አንባቢ ነኝ። ዛሬ ግን ካልጻፍኩት እንቅልፍ አይወስደኝም።

የምሠራው ጀርመን አገር፣ አንድ የኮንሰርት አዳራሽ ውስጥ ነው። ሙዚቀኛ እንዳልመስላችሁ። ዕቃ አመላላሽ ነኝ። ወንበር እደረድራለሁ፣ ፒያኖ እገፋለሁ፣ የተጠቀለለ ምንጣፍ እዘረጋለሁ። ዛሬ ደግሞ ሃርፕ ደረሰኝ። ወደ 40 ኪሎ ይጠጋል። ክብደቱስ ግድ የለም፣ ጤፍ ተሸክሜ ያደግኩ ሰው ነኝ። ችግሩ ቅርጹ ነው፤ የሚያዝበት ቦታ የለውም። እንደታመመ ዘመድ ደገፍ አድርገህ፣ እያባበልክ ነው የምትወስደው። የዕቃ ሊፍቱ ከተበላሸ ሦስት ሳምንቱ ነው። ስለዚህ በደረጃ አወጣነው፣ ለሁለት።

ላቤን እየጠረግኩ ልምምዱን ከመድረኩ ጎን ቆሜ አየሁ። ሥራው የስፔናዊው የኾአኪን ሮድሪጎ ነው። «ኮንሲየርቶ ሴሬናታ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1952 ለሃርፕና ለኦርኬስትራ የተጻፈ። ሰውየውን ለጊታር በጻፈው «አራንኹዌዝ» ታውቁታላችሁ። ስሙን ባታውቁ እንኳ ያቺን አንጀት የምትበላ የመሃል ዜማ የሆነ ካፌ ውስጥ ሰምታችኋል።

እኔ ሃርፕ ሲባል የሚታየኝ መልአክ ነው። ነጭ ልብስ፣ ደመና፣ ጸጥታ። ወይ ንጉሥ ዳዊት፣ በሳኦል ፊት ተቀምጦ። እሱን እየጠበቅኩ ነው የቆምኩት። ሃርፑ ግን ሙድ ያዘብኝ! ኦርኬስትራው ቁምነገር ሊጀምር ሲል ከጎን ጣልቃ ይገባል። ዋሽንቱ አንድ ነገር ሲል ይሄኛው አጣሞ ይመልስለታል። አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ግልጥ ያለ ስህተት ሰማሁ። ክው አልኩ። «በደረጃው ስናወጣው አጋጭተነዋል፤ የተጫዋቿን ቅኝት አበላሽተንባታል» ብዬ። ወዲያው መሪው አስቁሞ ከላይ አስጀመራቸው። ያው ስህተት፣ እዚያው ቦታ ላይ፣ ልክ እንደቅድሙ መጣ። ሆን ተብሎ የተጻፈ ነው ለካ!

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ቃል የሌለው ሙዚቃ እንዴት ይቀልዳል? የሚያውቅ ያስረዳኝ።

የመርካቶ_ልጅ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡22)

በገና ቀለደ እያልከን ነው? ፍስክ ገብቷል እንዴ? 😂

ክራር_ቤት (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡01)

ልጆች፣ ሃርፕ በገና አይደለም። ይህን ሳልናገር ብተኛ አባቴ በሕልሜ ይመጣብኛል።

መጽሐፍ ቅዱስ ላይ «በገና» የሚለውን ፈረንጆቹ ሃርፕ ስለሚሉት ነው የተቀላቀለብን። በገና ሁለት ምሰሶ አለው፣ ከላይ ቀንበር፣ ከታች ገበቴ። አሥሩ ክሮቹ በበርኩማው ላይ አልፈው ወደ ቀንበሩ ይወጣሉ። በርኩማው ላይ ደግሞ እንዚራ የምትባለው ቁራጭ ቆዳ አለች፤ ያንን የሚነዝር ድምፅ የምትሰጠው እሷ ናት። ሃርፕ ላይ በርኩማ የሚባል ነገር የለም። ክሮቹ ከገበታው ውስጥ በቀጥታ ተነሥተው ወደ ላይ ይሄዳሉ። በአሠራር በገና ለክራር ነው ወንድሙ።

የባለጋሪው ግርምት ግን ገብቶኛል። በገና የሚደረድር ሰው ሲቀልድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ዐቢይ ጾም ይመጣል፣ በገናው ይወርዳል፣ ሰው አንገቱን ይደፋል። ቧልት ለክራር ነው የተተወው። ድሮ እንዲያውም በገናን እግዜር፣ ክራርን ሰይጣን ሰጠን ይሉ ነበር። እኔ በሰይጣኑ በኩል አርባ ዓመት እንጀራ በልቻለሁ።

የመርካቶ_ልጅ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡04)

ጋሽ ክራር ቤት ይኑሩልን! ስለዚህ ስፔናዊው ሃርፑን ክራር አደረገው ማለት ነዋ።

ማስታወሻ (ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡35)

የመርካቶ ልጅ እንደቀልድ ያልካት ነገር ልክ ናት።

ባለጋሪው፣ «ስህተት» ያልከው የሮድሪጎ ፊርማ ነው ማለት ይቻላል። ሕፃን የሚያዜመው ዓይነት ግልጽ ዜማ ይወስዳል። ከዚያ አንዷን ድምፅ ከጎረቤቷ ጋር አብሮ ያስመታታል፤ ጣት አዳልጦ ሁለት ክር የነካ ይመስላል። ጆሮህ «ኧረ!» ይላል። አንተ ሳትጨርስ ዜማው ምንም እንዳልተፈጠረ ቀጥሏል። ቀልዱ እዚያ ላይ ነው። ተሳስቶ ይቅርታ የማይጠይቅ ሰው አታውቅም? እንደዚያ።

ይህን ከአየር አላመጣውም። በ18ኛው መቶ ዘመን ዶሜኒኮ ስካርላቲ የሚባል ጣሊያናዊ ማድሪድ ቤተ መንግሥት ተቀምጦ ከ500 በላይ የክላቪየር (የድሮ ባለቁልፍ መሣሪያ) ሶናታ ጽፏል። በ1757 እዚያው ሞተ። እሱም የጊታር ድምፅ እያስመሰለ ጎረቤት ድምፆችን አብሮ ይጨፈልቃቸው ነበር። ሮድሪጎ ያንን የድሮ የማድሪድ ጣዕም መልሶ ማምጣት ይወዳል። ለአጻጻፉ የራሱን ስም እስከ ማውጣት ደርሷል፦ «ኔዎካስቲሲስሞ»። የአገር ቤቱን ወግ ባዲስ መልክ እንደማለት ነው።

የሥራው ሦስት ክፍሎች ስማቸው ብቻ ይበቃል። የመጀመሪያው «እስቱዲያንቲና»፣ በመንገድ የሚዘፍን የተማሪ ቡድን። መሃለኛው ረጋ ያለ ጣልቃ ገብ ዜማ። የመጨረሻው «ሳራኦ»፣ ሙዚቃና ጭፈራ ያለበት የምሽት ግብዣ። ሁሉም ተደምሮ ሃያ ምናምን ደቂቃ ነው። መልአክ የት ይግባ? ተማሪና ጨፋሪ ብቻ ነው ያለው።

ሰብለ_ዲሲ (ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡15)

እስቱዲያንቲናዎቹን ሳላማንካ ላይ አይቻቸዋለሁ፤ አሁን ቱና ነው የሚሏቸው። ጥቁር ካባ ለብሰው፣ ካባው ላይ ባለቀለም ሪባን አንጠልጥለው፣ ጊታርና ከበሮ ይዘው በየመስኮቱ ሥር ይዘፍናሉ። እኔ ሆያ ሆዬ ነው የመሰለኝ። ብር ስሰጣቸውማ ጭራሽ!

ክራር_ቤት (ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡50)

ሰብልዬ፣ ልብሱንና ዘፈኑን ካየሽ ሆያ ሆዬ ይመስላል። ግን ተማሪ ናቸው ካልሽኝ የቆሎ ተማሪ አይቀርብም?

ማስታወሻ (ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡20)

ጋሽዬ፣ የበለጠ ይቀርባል። የድሮዎቹ ድሀ ተማሪዎች «ሶፒስታ» ይባሉ ነበር፤ ከ«ሾርባ» የመጣ ስም ነው። ለአንድ ሳህን ሾርባ ይዘፍኑ ነበር። የእንጨት ማንኪያና ሹካ ይዘው ነው የሚዞሩት፣ ምግብ የተገኘበት ቦታ ላይ እንዳይቸገሩ። ዛሬም ቱናዎቹ ያቺን ማንኪያ ምልክታቸው አድርገው ይይዟታል።

ክራር_ቤት (ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡31)

አኩፋዳ በላ! የእኛዎቹ ደበሎ ለብሰው «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላሉ፣ የእነሱዎቹ ካባ ለብሰው ጊታር ይመታሉ። ውሻው ግን አንድ ሳይሆን አይቀርም።

የመርካቶ_ልጅ (ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡33)

ውሻው አንድ ነው 😂😂 ጨረሱኝ!

ሰብለ_ዲሲ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡05)

ሥራ ላይ ስለነበርኩ አሁን ነው የተመለስኩት። ልጄ ሃርፕ መማር ከጀመረች አራት ዓመቷ ነው። (አትሳቁ። ፒያኖ ላስተምራት ብዬ ወስጃት፣ በሩ ላይ ሃርፕ አይታ እዚያው ቀረች። ሶፋዬን የሸጥኩት ለእሱ ነው።) ስለዚህ ቀልዱ ለምን ከባድ እንደሆነ በዓይኔ አይቻለሁ።

ትልቁ ሃርፕ 47 ክር አለው። ሁሉም አንድ ስለሚመስል ዶ የሆኑት ክሮች ቀይ፣ ፋ የሆኑት ጥቁር ናቸው፤ እነሱ ባይኖሩ ዓይን ይጠፋል። የሚመታው በአራት አራት ጣት ነው። ትንሿ ጣት ሥራ የላትም፣ ቆማ ታያለች።

ጉዱ ያለው ከታች ነው። ሰባት ፔዳል አለ። ሦስት በግራ እግር፣ አራት በቀኝ። ለእያንዳንዷ ድምፅ አንድ አንድ ነው። እያንዳንዱ ሦስት ደረጃ አለው፤ አንዴ ሲረገጥ ድምፁ በግማሽ እርከን ከፍ ይላል፣ ሲደገም ደግሞ በሌላ ግማሽ። የፋን ፔዳል ከረገጥሽ ከላይ እስከታች ያሉት ፋዎች በሙሉ ይለወጣሉ፣ አንዷን ብቻ መለወጥ የለም። ፒያኖ ላይ ጥቁሯን ቁልፍ ነክቶ ማለፍ ነው። እዚህ እግር ቀድሞ መድረስ አለበት። ሙዚቃው ሲፈጥንና ቅኝት ሲቀያይር ላይ እጅ፣ ታች እግር፣ መሃል ላይ ልብ ይሮጣል።

ልጄ አንድ ጊዜ ፔዳል ረስታ የክፍሉ ዝግጅት ላይ አንድ ሙሉ ገጽ በሌላ ቅኝት ተጫወተች። አስተማሪዋ ቀልድ መስሏት አጨበጨበች። ልጄ ግን እስከ ቤት አለቀሰች።

ባለጋሪው (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡40)

እህቴ፣ ይሄን ሳነብ ገባኝ! ከጎን ስለቆምኩ የተጫዋቿ እግሮች ነበሩ በደንብ የሚታዩኝ። ከወገብ በላይ ወይዘሮ ናት፣ ጀርባዋ ቀጥ ብሎ፣ እጆቿ እየተንሳፈፉ። ከወገብ በታች ግን የስፌት መኪና የሚረግጥ ልብስ ሰፊ ናት። ጫማዋም ጠፍጣፋና ስስ ነው። ተመልካቹ ይሄን አያይም።

ጥቁር_ቡና (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 5፡15)

ጨዋታችሁን ላበላሽ ነው፤ ይቅርታ።

1952 ስፔን የማን ናት? የአምባገነኑ የፍራንኮ። የእርስ በርስ ጦርነቱ ካበቃ 13 ዓመቱ ነው። ታላቁ አቀናባሪ ማኑኤል ደ ፋያ በ1939 ወደ አርጀንቲና ሄዶ ሳይመለስ በ1946 ሞቷል። ሌላው አቀናባሪ ሮቤርቶ ኸራርድ ካምብሪጅ በስደት ላይ ነው። አንቶኒዮ ኾሴ የሚባለውን የቡርጎስ አቀናባሪ በ1936 ረሽነውታል፤ ገና በሠላሳዎቹ ውስጥ ነበር። ሰው ዳቦ በራሽን ካርድ ሲበላ ኖሮ ራሽኑ የቀረው ገና በዚያው በ1952 ነው። ሮድሪጎ ደግሞ ስለ ካባ ለባሽ ተማሪዎችና ስለ ቤተ መንግሥት ጭፈራ ይጽፋል። ለገዥዎቹ ከዚህ የተመቸ ሙዚቃ ምን አለ? ድሮ ደስ ይል ነበር፣ አትጠይቁ፣ ጨፍሩ።

በዚያ ላይ «ባዲስ መልክ» አትበሉት። በዚያው ሰሞን የአውሮፓ ወጣት አቀናባሪዎች ዜማ የሚባለውን ከሥሩ ሊነቅሉ ነበር።

ማስታወሻ (ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1፡10)

የዘረዘርከው ታሪክ ልክ ነው። መደምደሚያህ ላይ ግን እንለያያለን።

ሮድሪጎ በ1901 ሳጉንቶ ተወለደ። በሦስት ዓመቱ ዲፍቴሪያ ዓይኑን አሳጣው። ጦርነቱ ሲፈነዳ እሱና ባለቤቱ ቪክቶሪያ ካምሂ ውጭ አገር ነበሩ፤ ገንዘባቸው አልቆ ጀርመን፣ ፍራይቡርግ ውስጥ በአንድ የዓይነ ስውራን ተቋም ተጠግተው ኖረዋል። በ1939 አገራቸው ሲገቡ ሻንጣቸው ውስጥ የአራንኹዌዝ ብሬል ኖታ ነበር። በዚያው ዓመት የመጀመሪያ ልጃቸውን ገና ሳይወለድ አጥተዋል። ጨለማ የማያውቅ ሰው አይደለም ለማለት ነው።

አሠራሩንም አስብ። በብሬል መኪና ይጽፋል። ከዚያ ለገልባጭ ያነብለታል፣ ኖታ በኖታ፣ መሣሪያ በመሣሪያ። «ዋሽንት፣ ሶል፣ አጭር፣ ነጥብ አለው…» እያለ ሃያ ደቂቃ የኦርኬስትራ ሙዚቃ። ያቺ ባለጋሪውን ያስደነገጠችው ሆን ተብላ የተሳሳተች ድምፅም እንደዚያው በቃል ተነግራ ነው የተጻፈችው። ገልባጩ «እርግጠኛ ነህ?» ሳይለው የሚቀር አይመስለኝም።

በድሮ ናፋቂነቱ ለሚተቹት የሚመልሳት አባባል ነበረችው፤ የፈረንሳዊው ገጣሚ የአልፍሬድ ደ ሙሴ ናት። ዋንጫዬ ትንሽ ናት፣ የምጠጣው ግን በራሴ ዋንጫ ነው።

ጥቁር_ቡና (ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1፡48)

ዋንጫው የራሱ ነው፤ እሱን አልካድኩም። ጠጁን ማን ቀዳለት ነው ጥያቄዬ። የመንግሥት ሬዲዮ አማካሪ፣ የዩኒቨርሲቲ ወንበር፣ በኋላም በ1991 ከንጉሡ የማርኪስነት ማዕረግ። ሙዚቃው ግን አይጠላም፤ ትናንት ማታ ሁለት ጊዜ ሰማሁት። ሁለተኛው ክፍል ላይ ቀልዱ ቆም ሲል ሌላ ሰው ነው የሚሰማህ። እሱን ወድጄዋለሁ።

ማስታወሻ (ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1፡55)

የ1991ዱ ንጉሥ ኹዋን ካርሎስ ነው፣ ፍራንኮ ከሞተ 16 ዓመት በኋላ። እሱን አብረህ አትደርድረው። የቀረውን ግን እቀበላለሁ።

ክራር_ቤት (ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4፡20)

እኔ አንድ የገረመኝ ነገር አለ። ሃርፕ ድምፁ ትንሽ ነው። ክራሬን ከብራስ ባንድ ጋር ያለ ማይክ አስቀምጠውኝ ያውቃሉ፤ ጣቴ ሲሄድ ታየ እንጂ አልተሰማም። ይሄ ሰው ሙሉ ኦርኬስትራ ፊት እንዴት አሰማው?

ማስታወሻ (ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4፡45)

አራንኹዌዝ ላይ ከጊታር ጋር የተማረው ዘዴ ነው። ኦርኬስትራው ባንድ ላይ የሚጮኸው ሃርፑ ዝም ሲል ነው። ሃርፑ ሲናገር አንድ ኦቦ የሚባል የትንፋሽ መሣሪያ፣ ጥቂት ቫዮሊን በጣት እየተነቀሰ፣ በቃ። እንደ ጥሩ ቡና ማኅበር ነው፤ ድምፀ ቀጭኗ ሴትዮ ስታወራ ሌላው ስኒ እንኳ አያንቀሳቅስም።

ደግሞ የተጻፈው ለተራ ሰው አይደለም። ኒካኖር ዛባሌታ ይባላል፣ የሳን ሴባስቲያን ልጅ፣ ባስክ። በ1956 ማድሪድ ላይ መጀመሪያ የተጫወተው እሱ ነው። የወፍራሞቹን ክሮች ድምፅ የሚያፍን ስምንተኛ ፔዳል ያለው ሃርፕ ነበረው። ሰባቱ አልበቁትም! ብራዚላዊው አቀናባሪ ቪላ ሎቦስም በ1953 የሃርፕ ኮንሰርቶ ጽፎለታል። በኋላ ሮድሪጎ አራንኹዌዝን ራሱን ለሃርፕ አዛውሮ የሰጠው ለዚሁ ሰው ነው፣ በ1974። የድሮ ቅጂውን ፈልጋችሁ ስሙት። ጣቱ ድርቅ ያለ፣ ጥርት ያለ ነው። ሃርፕ ላይ የምንጠብቀው ያ ፊልም ላይ ሕልም ሲጀምር የሚሰማው «ፍርርር» የለበትም።

ሰብለ_ዲሲ (ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡30)

ልጄን አሰማኋት። በመጀመሪያው ክፍል ሦስት ጊዜ ሳቀች። እኔ ሳልስቅበት ነው ደግሞ። «እማዬ፣ እዚህ ጋ ፔዳል የረሳ አስመሰለው እኮ!» አለችኝ። ከአራት ዓመት ልቅሶ በኋላ የሰማሁት ሳቅ ነው፤ ሮድሪጎ የማንም አሽቃባጭ ይሁን፣ እኔ ታርቄዋለሁ።

ጥቁር_ቡና (ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡41)

በልጅ መጣሽብኝ። ተረታሁ፣ ለዛሬ ብቻ።

ባለጋሪው (ዓርብ፣ ከሌሊቱ 6፡50)

ኮንሰርቱ አለቀ፤ ከአውቶቡስ ላይ ነው የምጽፈው።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። የመጀመሪያው ክፍል ላይ ሰዉ ቅዳሴ የገባ ይመስል ቁጭ አለ። ደንግጠው ይሁን ፈርተው አላውቅም። ሳራኦው ላይ ሲደርስ ግን ሦስተኛ ረድፍ ላይ አንድ ሽማግሌ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያ አጠገባቸው ያለችው ሴት። ከዚያ ረድፉ። ድምፅ አውጥቶ የሳቀ የለም፤ የታፈነ ሳቅ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደሚይዘን ዓይነት።

ሲያልቅ ሃርፑን ልናወርድ ሄድን። ሴትዮዋ አበባዋን ወንበሩ ላይ ጥላ ሽፋኑን ራሷ እያለበሰችው ነበር። ድፍረት ተሰማኝና ማክሰኞ የሆነውን ነገርኳት። በደረጃ እንዳወጣነው፣ ስህተቱን ሰምቼ እኛ ያበላሸን መስሎኝ እንደደነገጥኩ፣ ከዚያ የሮድሪጎ መሆኑን እንደተረዳሁ። ሳቀች። ሽፋኑን ገለጥ አድርጋ ሁለት ክር ባንድ ላይ ነካች፣ ያቺን የማውቃትን «ስህተት»።

«ይሄ የሮድሪጎ ነው» አለች።

ቀጥላ ከመሃል አንዷን ክር ብቻ ነካች። ትንሽ የወረደች፣ የተኮራመተች ድምፅ ወጣች።

«ይሄ ደግሞ የደረጃው ነው። ማክሰኞ ግማሽ ሰዓት ፈጅቶብኛል፣ አሁንም ትሸሻለች።»

ይቅርታ ጠይቄ ሃርፑን ያዝኩት። ሊፍቱ ዛሬም አይሠራም። ሰባ ሁለት ደረጃ ነው፤ ስንወርድ ቆጠርኩት።